ከብሎካችን ጀርባ ያለው ካባ

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት የድንጋይ ካባው አፋፍ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። በሳምንት አንድ ቀን ወደዚህ መምጣት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ከኮንዶሚኒየሙ የመጨረሻ ብሎክ ጀርባ የሚነሳውን የአፈር መንገድ ይዤ ሃያ ደቂቃ ያህል እሄድና፣ ድንጋዩ ወጥቶ ካለቀ በኋላ የተተወውን ጉድጓድ ከላይ ቁልቁል እያየሁ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደመጣ፣ የት እንደተቀመጠ፣ ምን እንደሠራና በየት በኩል እንደተመለሰ በደብተሬ እመዘግባለሁ። ይህን እንድሠራ ያዘዘኝ ሰው የለም፤ ደብተሩንም እስካሁን ለማንም አላሳየሁም።

በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. እዚሁ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሙ ሲገነባ የዕቃ ተረካቢ ሆኜ እሠራ ነበር። ከዚህ ካባ የሚመጣውን የመሠረት ድንጋይና ጠጠር የምረከበው፣ እያንዳንዱ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ መጫኑን አይቼ ደረሰኙ ላይ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር የምኖርበት ብሎክ የቆመበት ድንጋይ ከየት እንደወጣ ስለማውቅ ጉድጓዱን እንደ ማንኛውም ጉድጓድ አልፌው ልሄድ አልቻልኩም። ባለፈው ዓመት በእርምጃዬ ለካሁት፤ ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 80 ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱን በአማካይ 15 ሜትር ብንወስደው 144,000 ሜትር ኩብ ድንጋይ ወጥቶበታል ማለት ነው። ድንጋይ በድማሚት ተሰባብሮ ከቦታው ሲነሳ መጠኑ በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ በመኪና ሲቆጠር ከ13,000 ምልልስ በላይ ይሆናል። ከእነዚህ መካከል ስንቱ ላይ እንደፈረምኩ አላስታውስም፤ ብዙ ነው።

ጉድጓዱ ቀድሞ ጉብታ እንደነበረ ያወቅሁት ከአንድ ሽማግሌ ነው። አካባቢው የእርሻ መሬት በነበረበት ዘመን ተወልደው ያደጉና አሁንም አንዲት ላምና ጥቂት በጎች ያሏቸው ሰው ናቸው። ከቀትር በኋላ ከብቶቻቸውን ወደ ካባው ያወርዱና ከእኔ ጥቂት ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ለብዙ ሳምንታት ሰላምታ ብቻ ስንለዋወጥ ቆየን፤ አንድ ቀን ራሳቸው ጨዋታውን ጀመሩት።

«እዚህ ጋ ጉብታ ነበረ ልጄ» አሉኝ። «በክረምት ሜዳው ጭቃ ሲሆንብን ከብቱን ወደዚያ እናወጣ ነበር። ድንጋይ ስለሆነ ማንም አላረሰውም፤ የሁሉም ነበር።»

«አሁንስ አባባ፣ እዚህ ታች ሲያሰማሯቸው ምን ይልዎታል?»

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ድሮ ላሞቼን ቀና ብዬ ነበር የማያቸው፤ አሁን አጎንብሼ አያቸዋለሁ» ብለው መለሱልኝ።

ይህን ቃል የዚያኑ ዕለት ማታ ጻፍኩት፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የምሥራቅ አዲስ አበባ ሜዳ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ይዞ ስለሚያቁር፣ ከሜዳው ከፍ ያለ ድንጋያማ ቦታ ለከብት ማደሪያም ለሰው መሸጋገሪያም እንደነበረ መገመት አይከብድም። ጤፉና ምስሩ የሚዘራበት መሬት የግለሰብ ይዞታ ሲሆን ጉብታው የጋራ ነበር። ጉብታው ወደ ጉድጓድ ከተለወጠ በኋላም የጋራ ሆኖ መቅረቱ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ የበለጠ ያስገርመኛል። ዙሪያውን ያለው መሬት ሁሉ ተሸንሽኖ፣ ታጥሮና ተገንብቶበት እያለ ይህ ቦታ የቀረው ለመገንባት የማይመች በመሆኑ ነው፤ ሰዉም ይህን ያውቃል።

ሕጉ እንዲህ እንዲቀር አይፈቅድም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ ያወከውን መሬት መልሶ የማስተካከል ግዴታ ይጥልበታል፤ ለግንባታ የሚውል ድንጋይም ከዚህ ውጭ አይደለም። ካባውን ሲያሠራ የነበረው ድርጅት ግን የጠጠር መፍጫውን ነቅሎና ማሽኖቹን ጭኖ ሲሄድ አንድ አካፋ አፈር እንኳ አልመለሰም፤ በገደሉ ዙሪያም አጥር አላቆመም። በዚያን ጊዜ እኔም አልጠየቅሁም። ይህን የምጽፈው ከሌላው ሰው ያነሰ ድርሻ እንደሌለኝ ስለማምን ነው።

ጠዋት ቀድመው የሚደርሱት ሯጮች ናቸው። ገና 12 ሰዓት ላይ፣ ጀርባቸውን ለየረር ተራራ ሰጥተው፣ ሲኖትራኮች ጭነው ይወጡበት የነበረውን ዳገት ስድስትና ሰባት ጊዜ ይመላለሱበታል። ዳገቱ ለከባድ መኪና ተብሎ የተደላደለና የተጠቀጠቀ በመሆኑ እግር አያዳልጥም፤ አሠልጣኙ ከላይ ሰዓት ይዞ ቆሞ የሚያሰማው ድምፅ ከግድግዳው ተመልሶ ሁለት ጊዜ ይሰማል። 2 ሰዓት ሳይሞላ ይሄዳሉ። ከእነርሱ ቀጥለው ሁለት ሴቶችና አንድ ጎልማሳ ድርጅቱ ጥሎት የሄደውን ስባሪ በመዶሻ እየፈለጡ ጠጠር ያደርጉታል፤ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ቤት ለሚያድሱ ሰዎች ይሸጣል። ከግንቦት ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የምሥራቁ ግድግዳ ጠዋት በሚጥለው ጥላ ሥር እየተቀመጡ ያጠናሉ። አራትና አምስት ሰው በሚተኛበት ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ማጥናት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ስለማውቅ፣ ደብተራቸውን ድንጋይ ላይ ዘርግተው ሳያቸው ደስ ይለኛል። በደረቁ ወለል ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። መስከረም 16 ማታ ደመራ የሚለኮሰውም እዚያው ወለል ላይ ነው፤ በዚያ ሰሞን አፋፉ ዙሪያውን በአደይ አበባ ይሸፈናል።

ከሁሉ በላይ ገጽ የያዘው የቅዳሜ ጠዋቱ የልብስ አጠባ ነው። ውሃ በሰፈራችን በተራ ነው የሚመጣው፤ በመጣም ጊዜ ላይኛው ፎቅ ድረስ የሚወጣበት ኃይል የለውም። በየቤቱ በጀሪካን የሚጠራቀመው ውሃ ለምግብና ለመጠጥ ስለሚሆን፣ ብርድ ልብስና ጋቢ የሚታጠበው ክረምቱ በካባው ውስጥ ባጠራቀመው ውሃ ነው። ሴቶቹ የታጠበውን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ያሰጡታል፤ ጥቁር ድንጋይ ሙቀት ስለሚይዝ ወፍራም ጋቢ እንኳ ከቀትር በፊት ይደርቃል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ፣ ነጫጩ ጋቢ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ እጅግ ያምራል።

ደረቁ ወለል አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉም የሚፈልገው እርሱን ነው፤ ሆኖም የኳሱ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ወደተሰጣበት በኩል አይመጡም፤ ሽማግሌውም ሴቶቹ ሳይሄዱ ከብቶቻቸውን አያወርዱም። እስካሁን የጻፍኩት ከባድ ጠብ አንድ ብቻ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ተሽከርካሪያቸውን ውሃው ዳር ድረስ አውርደው ማጠብ ጀመሩና ዘይቱ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ሾፌሮቹም መለሱ። ነገሩ ወደ ድብድብ ሊያመራ ሲል ሽማግሌው ከመካከላቸው ገብተው «ወንዝ ቢሆን ከታች እጠቡ እላችሁ ነበር፤ ይህ ግን የቆመ ውሃ ነው፤ ከላይም ከታችም የለውም» አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾፌሮቹ ውሃውን በጀሪካን እየቀዱ ያወጡና እጣቢው ወደ ውጭ በሚወርድበት በአፋፉ ጀርባ ያጥባሉ። ስምምነቱን የጻፈ ሰው የለም፤ እስከዛሬ ሲፈርስም አላየሁም።

አሁን ስለ ኖራው መስመር ልጻፍ። እስካሁን ያዘገየሁት ስለሚከብደኝ ነው።

ካባ ሲቆፈር በደረጃ ነው የሚወርደው፤ እያንዳንዱ እርከን ቀጥ ብሎ አምስት ሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ እርከኖቹ ይሸፈናሉ። ከዳር የገባ ልጅ ሦስት አራት እርምጃ ያህል ውሃው ከጉልበቱ ሳያልፍ ይሄዳል፤ ቀጥሎ በሚያነሳው እርምጃ ግን ሥሩ መሬት የለም። ውሃው ከላይ ፀሐይ ሲመታው ሞቅ ቢልም ጥቂት ዝቅ ሲሉ እጅግ ይቀዘቅዛልና ዋና የሚችል ልጅ እንኳ ትንፋሹ ይቆረጣል። የከተማው የእሳትና አደጋ ሠራተኞች ድንጋይ በወጣባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ከተጠራቀመ ውሃ የሕፃናትን አስከሬን ያወጣሉ፤ ክረምት በመጣ ቁጥርም ወላጆችን ያስጠነቅቃሉ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በእኛም ካባ አንድ ልጅ ሞተ። የስንት ዓመት ልጅ እንደነበረና የማን ልጅ እንደሆነ አልጽፍም። እናቱ አሁንም ከእኛ ጋር ትኖራለች።

ከቀብሩ በኋላ የእድሩ ሰዎች አጥር እንዲሠራ ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ ደብዳቤያቸውን ተቀብለው ይታያል አሏቸው። እስካሁን አልታየም። ዓመቱ ተለውጦ መስከረም ሲገባ ሴቶቹ ከእድሩ በወጣ ገንዘብ ኖራ ገዙ፤ የሰው ጭንቅላት የሚያክሉ ድንጋዮች እየመረጡ በኖራ ቀቡና ከውሃው ዳር አሥር እርምጃ ያህል ራቅ አድርገው ደረደሯቸው። ከዚያ መስመር ሕፃን ልጅ አያልፍም። ካለፈ፣ ያየው ሰው ሁሉ፣ ልጁን ያውቀውም አያውቀውም፣ የመቆጣትና እጁን ይዞ የመመለስ ግዴታ አለበት። ሯጩም፣ ጠጠር ፈላጩም፣ የሙዚቃ ክሊፕ ሊቀርጹ ከመሐል ከተማ የመጡት ወጣቶችም ሳይቀሩ ይህ ተነግሯቸዋል። አንዲት እናት ለትንሽ ልጇ ስታስረዳ የሰማኋት እንዲህ ብላ ነበር፦ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ሲስቅልህ ነጩን ድንጋይ እይ።»

ሌሊት የሚመጡትን በዓይኔ ያየሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ገልባጭ መኪናዎች መብራታቸውን አጥፍተው የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ፣ አንዳንዴም የበሰበሰ ቆሻሻ፣ ከሰሜኑ አፋፍ ይደፋሉ። በነጋታው ጅቦች ሲያመሰቃቅሉት ያደሩት ይታያል። ይህ ነገር ከውሃው ባልተናነሰ ያሰጋኛል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ቀን የማይረሳ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይረዳኛል። ለአሁኑ የሚደፋው ትንሽ ነው። ከዚያ አፋፍ ሥር ባለው ገደል ስንጥቅ ውስጥ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙት አንገታቸው ነጭ የሆነው እርግቦች ጎጆ ሠርተው ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ ግን እዚያ አላየኋቸውም።

ካባው ሊሞላና ሊገነባበት ነው የሚል ወሬ አለ። ፓርክ ይሆናል የሚሉም አሉ። የትኛውም ቢሆን ከዛሬው አደጋ ይሻል ይሆናል፤ ውሃው ቢከለል፣ የሌሊቱ መድፋት ቢቆም፣ እኔ ቀድሜ ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ነገር ግን ንድፉን የሚያወጣው ሰው አስቀድሞ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ጋቢው የት እንደሚሰጣ፣ ልጆቹ ኳሱን ወደየት እንደሚያዞሩ፣ ሽማግሌው ከብቶቻቸውን በየት በኩል እንደሚያወርዱ እንዲያይ አጥብቄ እመኛለሁ። በባዶ ካርታ ላይ ጉድጓድ ብቻ ነው የሚታየው። ደብተሩን የምጽፈው ያ ሰው በመጣ ቀን የምሰጠው ነገር እንዲኖረኝ ነው።

ዛሬ 3 ሰዓት ላይ ስድስት ሴቶች ባዶ እጃቸውን ወረዱ። እሑድ ስለሆነ ልብስ አልያዙም። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ውሃው ከሁለት ክንድ በላይ ወርዶ ሁለተኛው እርከን ጫፉ ብቅ ብሏል፤ የኖራው መስመርም ከውሃው እጅግ ርቆ ቀርቷል። መስመሩ ከሚገባው በላይ ከራቀ ልጆች መናቅ ይጀምራሉ አለችኝ አንዷ፤ ስለዚህ ውሃው በጎደለ ቁጥር ያወርዱታል፤ ሰኔ ሲገባ መልሰው ያወጡታል። ደብተሬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ወረድኩና አብሬያቸው ተሸከምኩ። የልጁ እናትም ነበረች። የመጨረሻውን ድንጋይ ካስቀመጠች በኋላ ከውሃው ዳር ተነስታ እርምጃዋን ቆጠረች፤ ዘጠኝ ሆነባት። ተመልሳ ድንጋዩን አነሳችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወሰደችው፤ እኛም ሌሎቹን አንድ በአንድ ከእርሷ ጋር አስተካከልን።