ባለቀለም መስታወትና የፀሐይ ጨረር

ሰሞኑን ካዛንቺስ ላይ ሊሠራ ለታቀደ ሕንፃ የእንግዳ መቀበያ ክፍሉን ምስል በኮምፒውተር እያዘጋጀሁ ነው። አርክቴክቱ የምሥራቁ ግድግዳ ባለቀለም መስታወት እንዲሆን ስለፈለገ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ ከሐሳቤ አልጠፋም፤ ያስቸገረኝ ግን ሥዕሉ ሳይሆን ቀለሙ ወለሉ ላይ የሚያርፍበት መንገድ ነው።

የኮምፒውተር ግራፊክስ ተመራማሪው ጄምስ ካጂያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ባቀረበው ቀመር መሠረት፣ ከአንድ ነጥብ ወደ ዓይን የሚመጣው ብርሃን ነጥቡ ራሱ የሚያመነጨውና ከየአቅጣጫው ተቀብሎ የሚመልሰው ድምር ነው። የሚቀበለውም ብርሃን በተራው ከሌሎች ነጥቦች የተመለሰ በመሆኑ ድምሩ ማለቂያ የለውም፤ ፓዝ ትሬሲንግ የሚባለው ዘዴም ከካሜራው ተነሥተው በዘፈቀደ በሚመረጡ የጨረር መንገዶች ይገምተዋል። ይሁንና ፀሐይ በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከወለሉ ወደየአቅጣጫው እኩል ከሚወነጨፉ ጨረሮች እርሷን የሚያገኘው ከ90,000 አንዱ ገደማ ነው። ሶፍትዌሩ ወለሉን ከፀሐይ ጋር በቀጥተኛ መስመር ሊያገናኝ ቢሞክርም፣ መሐል ላይ ብርሃን የሚሰብር መስታወት ካለ መስመሩን እንደተዘጋ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ወለሉ እዚህም እዚያም በደማቅ ነጠብጣብ ይሞላል። ናሙናውን፣ ማለትም የሚላኩትን ጨረሮች ብዛት፣ አራት እጥፍ ማድረግ የስሌቱን ጊዜም አራት እጥፍ ያህል ሲያደርገው፣ ነጠብጣቡን የሚቀንሰው ግን በግማሽ ብቻ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ውድ ሒሳብ ነው።

ደማቆቹን ነጠብጣቦች ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይሄዱ መቁረጥ የተለመደ ነው። እኔ አልወደውም፤ ነጠብጣቦቹ ወለሉ በትክክል ሊያገኘው የሚገባውን ብርሃን የተሸከሙ ናቸውና ሲቆረጡ ቀለሙም አብሮ ይደበዝዛል። ለዚህ መስታወት የመረጥሁት አቋራጭ ግን ፊዚክሱ ራሱ የሚፈቅደው ነው፦ ወደ ጠፍጣፋ መስታወት ሲገባ የተሰበረ ጨረር፣ ሲወጣ ከመጀመሪያው አቅጣጫው ጋር ትይዩ ሆኖ ስለሚወጣ፣ በቀጭን መስታወት ውስጥ ቀለሙን ብቻ ይዞ ቀጥ ብሎ እንዳለፈ ብንቆጥረው ምስሉ ላይ የሚታይ ልዩነት አይመጣም። ቀለሙ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ከገጹ የሚንጸባረቀውን ትተን፣ 40 በመቶ የሚያሳልፍ መስታወት ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን የሚያሳልፈው 20 ሳይሆን 16 በመቶ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው የውኃ ብርጭቆ ጎባጣ በመሆኑ ይህን አቋራጭ አይቀበልም። ጨረሩን ከፀሐይ አስነሥቶ የሚከተለውን ፎቶን ማፒንግ የሚባል ዘዴ መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ብርጭቆው ከምስሉ ቢወጣ አርክቴክቱ የሚቃወም አይመስለኝም።