ሹራቤን በሙቅ ውሃ ያጠብኩ ቀን

ደሴ ሹራብ የሚለበስባት ከተማ ናት። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ሥር ነው ያለነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይልና ማለዳው አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ሹራብ ሥራ ልማር ብዬ ስነሳ "ምን ይሠራልሻል?" ያለኝ ሰው የለም። "ለእኔም አንድ" ነው ያሉኝ። መዘዙም የመጣው ከዚያው ነው።

የተማርኩበትን ነገር ቶሎ ልንገራችሁና ወደ ቁስሌ ልሂድ። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ የክር ሱቅ አለች። ባለቤቷን ሁላችንም "እትዬ" ነው የምንላቸው። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሰዓት በኋላ ያስተምራሉ። ስድስት ሴቶችና አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበርን፤ ከሁላችንም የበለጠው እሱ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሻርፕ፣ ቀጥሎ ኮፍያ፣ ከዚያ የአራስ ልጅ ልብስ። የአራስ ልብስ መቼም ገበያ አያጣም። ክርስትናም ይሁን አቂቃ፣ ነጭ ኮፍያና ነጭ ካልሲ ይፈለጋል። እዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው።

ሁለት ነገር ግን እግረ መንገዴን ልናገር፤ ማንም ስላልነገረኝ።

አንደኛው የመርፌ ቁጥር ነው። እማዬ ሣጥን ውስጥ 8 የሚል ቁጥር ያለበት የድሮ የሹራብ መርፌ አገኘሁ። የምሠራበት ንድፍም 8 ቁጥር ይላል። ገጠመልኝ ብዬ ግማሽ ቀን ስሠራ ዋልኩና የአሻንጉሊት ኮፍያ ወጣልኝ። ለካ የድሮ እንግሊዝ ቁጥር የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። የእነሱ 8 ዛሬ 4 ሚሊ ሜትር የምንለው ነው፤ ንድፉ የፈለገው 8 ግን ከዚያ የወፈረ ነው። የእናታችሁን መርፌ ከወረሳችሁ ቁጥሩን አትመኑ፣ በማስመሪያ ለኩት።

ሁለተኛው "ሱፍ" የሚባለው ነው። ገበያ ላይ ለስለስ ያለ ክር ሁሉ ሱፍ ነው። "ሱፍ ነው ወላሂ!" ይሏችኋል። አብዛኛው አክሬሊክ የሚባል የፕላስቲክ ክር ነው። ጫፉን ቁረጡና ክብሪት ጫሩበት። እውነተኛ ሱፍ ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይደቃል። አክሬሊክ ግን ይቀልጥና ጠጣር ጠጠር ይሆናል። ሻጩ ፊት አታድርጉት። እኔ አድርጌ ተሰድቤያለሁ።

ይቺ የክብሪት ነገር ነች እንግዲህ ያሳበደችኝ። ሱቁ ውስጥ ካለው ክር አንዱም ሱፍ እንዳልሆነ ሳውቅ ነደደኝ። በግ ሞልቶ የተረፈው ወሎ ቁጭ ብዬ በመርከብ የመጣ ፕላስቲክ ልሥራ? ባናና በርኖስ ከበግ ፀጉር ሲሠራ የኖረበት አገር እኮ ነው! ለአባዬ ሱብሒ ሲወጣ የሚለብሰው እውነተኛ የሱፍ ሹራብ እሠራለሁ ብዬ ፎከርኩ። በቡና ላይ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት።

ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ከለጋምቦ በኩል የመጡ እናት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የበግ ፀጉር ይዘው ተቀምጠዋል።

"ለምንሽ ነው የኔ ልጅ? ለባና?"

"ለሹራብ ነው እማማ።"

"ሹራብ ከሱቅ አይገዛም እንዴ?" አሉኝና ከጎናቸው ካለችው ሴት ጋር ተያይተው ሳቁ።

ሦስት ኪሎ ገዛሁ። ግማሹ በጠጥና ችጎጎት ነው። ስንለቅመው ሦስት ቀን ፈጀ። ከዚያ እማዬ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈችው። አላሸችውም። አልጨመቀችውም። እንደ ተኛ ልጅ ቀስ አድርጋ አንስታ ሰፌድ ላይ ዘረጋችው። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። "ለምንድን ነው እንዲህ የምታደርጊው?" ብዬ ግን አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንዱ ይኸው ነው።

ታጥቦ ሲደርቅ ሦስቱ ኪሎ ሁለት እንኳ አልሞላም። እማዬና ጎረቤታችን ባዘቱት፣ በእንዝርት ፈተሉት። እኔም ሞክሬ ነበር፤ የእኔ ልቃቂት አንዱ ጋ ገመድ፣ አንዱ ጋ የሸረሪት ድር ስለሆነ በክብር አሰናበቱኝ። ክሩን ሁለት ሁለት አድርገው ገመዱት። ቀለሙ ጥቁር ሊሆን ፈልጎ ቡኒ የቀረ ነገር ነው። እንደዚያ የሚያምር ክር እትዬ ሱቅ ገብቶ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት በእጅ ሥራ ለተሠማራን ሴቶች የአምስት ቀን ሥልጠና ጠራን። ሁለቱ ቀን ንግግር ነበር። ሦስተኛው ቀን "ተደራጁ" ነበር። ሳይደራጁ ቦታ የለም፣ ለመደራጀት አምስት ሰው ያስፈልጋል፣ አምስት ሰው ይዛችሁ ስትመጡ ደግሞ ቦታው አልቋል። አራተኛው ቀን ግን አንድ አሠልጣኝ ስለ ሱፍ አስተማረን። ጆሮዬን አቆምኩ። ፍሊፕ ቻርቱ ላይ በትልቁ ጻፈው፦ "ሱፍ፦ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙና፣ በደንብ ታሽቶ ይታጠባል።" እኔም ደብተሬ ላይ ገለበጥኩና በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ አሰመርኩበት። ደብተሩ አሁንም አለ። አንዳንዴ አውጥቼ አየዋለሁ፣ ደሜ እንዲፈላ።

ሹራቡን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ሠራሁት። ከሥራ መልስ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ። ከመጀመሬ በፊት እትዬ እንዳስተማሩኝ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ናሙና ሠርቼ ዓይኖቹን፣ የክሩን ቀለበቶች ማለቴ ነው፣ ቆጠርኩ፣ አባዛሁ። ናሙናዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ይቺን ናሙና አትርሱብኝ፣ እመለስባታለሁ። የአባዬ ደረት ዙሪያ 104፣ ቁመቱ እስከ ዳሌ 68። ከኋላ ጀመርኩ፣ ከፊት ቀጠልኩ፣ እጅጌዎቹን ጨርሼ ሰፋሁት። ልክክ አለ። እትዬ ራሳቸው ገልብጠው ስፌቱን አዩና "አሁን ተማርሽ" አሉኝ። እትዬ እንዲህ ያለ ነገር በዓመት አንዴ ነው የሚናገሩት።

አንድ ችግር ብቻ ነበረው። በግ በግ ይሸታል።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እማዬ ለቅሶ ሄዳለች። አባዬ ሳይመጣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ማታ ላለብሰው ነው ሐሳቤ። ደብተሬን አወጣሁ። ትልቁን ድስት ጥጄ ውሃ አፈላሁ። ሳፋው ውስጥ ገለበጥኩት፣ ዱቄት ሳሙና በተንኩበት፣ ሹራቡን ነከርኩት። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ቡና ይመስላል። ደስ አለኝ! ቆሻሻው እየወጣ ነዋ። እጅጌዬን ሰብስቤ እንደ ጂንስ ሱሪ አሸሁት። ብብቱን በጡጫ ደበደብኩት። አንገትጌውን ከራሱ ጋር ፈተግሁት። ከዚያ ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ደፋሁበት። የደሴን የኅዳር ውሃ ታውቁታላችሁ፤ እጅ ያደነዝዛል። እንደገና ሙቅ፣ እንደገና ቀዝቃዛ።

ሦስተኛው ላይ እጄ ነው መጀመሪያ ያወቀው። ጨርቁ ወፈረብኝ። ክሩ ክር መሆኑ ቀረ። ጣቴን በዓይኖቹ መሀል ላስገባ ብል ዓይን የለም። አወጣሁትና ዘረጋሁት፤ አልዘረጋም አለ። አንድ በአንድ የቆጠርኳቸው ዓይኖች ሁሉ ተዋውጠው እንደ ኮርቻ ጨርቅ ጠጣር ሆነዋል። በጥርሴ ሁሉ ይዤ ጎተትኩት። ከብብት ብብት 52 የነበረው 37 ሆኗል። ቁመቱማ አይወራም። ሳፋው አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና በሳሙና እጄ ፊቴን ይዤ አለቀስኩ። ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ገባና ለዚያም አለቀስኩ።

እንዳጋጣሚ አባዬ ቀድሞ ገባ። ሹራቡን አየ፣ እኔን አየ። አንስቶ ደረቱ ላይ ለካው።

"ለልጅ ልጄ ነው እንዴ?"

አላገባሁም። ይባስ ብዬ ጮህኩ። "አብሽሪ፣ አብሽሪ" እያለ ሊለብሰው ሞከረ። ጭንቅላቱ ገባ፣ አንድ እጁ ገባ፣ ሁለተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። እንደ አማሞቴ ቆመ። እማዬ ከለቅሶ ስትመለስ ያገኘችን በመቀስ ልናወጣው ስንታገል ነው።

ነገሩን በኋላ ነው የተማርኩት። የበግ ፀጉር በቅርብ ቢታይ ላዩ ቅርፊት ቅርፊት አለው፣ እንደ ዓሣ። ሙቀትና ሳሙና ሲያገኝ፣ በዚያ ላይ ሲታሽ፣ ቅርፊቱ እርስ በርሱ እየተነካከሰ ይቋጠራል። አንዴ ከተቋጠረ አይፈታም። ኮንዲሽነር ውስጥ ዘፍዝፊው አሉኝ፣ ዘፈዘፍኩት። ሁለት ጣት ያህል ሰጠኝ። ኮምጣጤም አሉኝ። አሁን በግ በኮምጣጤ ይሸታል።

ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሁለት ቀን "ስብሰባ ላይ ነው" ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙን ደረጃው ላይ ያዝኩት፣ ሹራቡን ከፌስታል አውጥቼ አሳየሁት። አየውና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እኔ እኮ ለምንጣፍና ለባርኔጣ ነው ያልኩት፤ እነሱ እንዲጠጥሩ ይፈለጋል።" እውነቱን ነው፤ ለእነሱ ልክ ነው። ግን ቻርቱ ላይ "ለምንጣፍ" የምትል አንዲት ቃል ብትጻፍ ቀለም ያልቅ ነበር? የምስክር ወረቀቱን በፍሬም ነው የሰጡኝ። ፍሬሙ ጥሩ ነው፣ የእማዬን ፎቶ አስገብቼበታለሁ።

ግን እውነቱን ልናገር ካልኩ በእሱ ብቻ አላላክክም። ያቺ ናሙና ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ፣ ከሞባይሌ ቻርጀር ጋር ተጠቅልላ። አሥር ሳንቲ ሜትር ጨርቅ! እሷን ሳፋ ውስጥ ብጥላት በአምስት ደቂቃ ሁሉን ነገር ትነግረኝ ነበር። እትዬም ናሙና ለመለኪያ ነው አሉ እንጂ ለማጠብ ነው አላሉም። አልፈርድባቸውም፤ የእሳቸው ክር አክሬሊክ ነው፣ ታጥቦ አይቋጠርም፣ የሚያበላሸው ካውያ ነው።

ሁለተኛውን ሹራብ በዓመቱ ሠራሁ። ናሙናዋን መጀመሪያ አጠብኳት፣ ከታጠበች በኋላ ለካኋት፣ በዚያ ልክ ነው ዓይን የቆጠርኩት። ሹራቡንም ለብ ባለ ውሃ፣ ትንሽ የፀጉር ሻምፖ ጠብ አድርጌ፣ ሳልነካው ሩብ ሰዓት ዘፈዘፍኩት። የሚያለቀልቀው ውሃም ያንኑ ያህል ለብ ያለ ይሁን፤ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ማዘዋወር ነው እኔን የገደለኝ። አይጨመቅም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ይረገጣል። ገመድ ላይ አይሰጣም፣ ይለጠጣል። ጥላ ሥር ሰፌድ ላይ ነው የሚዘረጋው። እማዬ እንዳደረገችው ማለት ነው።

ሥልጠና ላይ "ገበያ አጥኑ፣ በብዛት አምርቱ" ይላሉ። እኔ አልስማማም። የሠራችሁትን አንድ ብርድ ራሳችሁ ልበሱት፣ ሦስት አራቴ እጠቡት፣ ከዚያ ሽጡ። ደግሞ ለማን እንደምትሸጡ እዩ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አምስት የአክሬሊክ ሹራብ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሄጃለሁ። ጉዞው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን እንደ ሌላ አገር ነው፤ ከእኛ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ተሳፋሪው በየኩርባው ጃኬቱን ያወልቃል፣ እኔ ሹራብ ታቅፌያለሁ። አንዱም አልተሸጠም። አሁን ለኮምቦልቻ የምይዘው የጥጥ ክር ኮፍያና በኪሮሽ የተሠራ የጠረጴዛ ዳንቴል ነው።

የተቋጠረውን ሹራብ ቆርጬ ለጀበና ማቶት ላደርገው ነበር፤ አባዬ ከለከለኝ። አጥፎ ደጃፍ ላይ ድንጋዩ ላይ ያነጥፈውና ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቅበታል። ሁለተኛውን ይለብሰዋል፣ ሁለት ኅዳር ሆነው። እማዬ "ሸተተ፣ ልጠበው" ስትል ግን አጥር ላይ አናፍሶ መልሶ ይለብሰዋል እንጂ አይሰጣትም።

"ይሽተት" ይላል እኔን በጎን እያየ። "ልክ ነው።"