መሪው ወደ ግራ ሲዞር

ባለቤቱ አሮጌ ሞተር ሳይክሉን አራቁቶ፣ ትርፉን ሁሉ አውጥቶ እንደ አዲስ ሊሠራው ፈለገ። የፋብሪካው የሽቦ እስር ለዚህ አልሆነም። አዲስ እንድዘረጋ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ራሴን ላመስግንና ያምር ነበር። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ፊውዝ አለው። 55 ዋቱ የፊት መብራት በ12 ቮልት ወደ 5 አምፔር ስለሚስብ ወፈር ያለ ሽቦ ሰጠሁት፤ ለፍሬቻዎቹ ቀጠን ያለ። የተንዘላዘለ ሽቦ ስለማልወድ በመሪው አንገት በኩል ወጠር አድርጌ አሳለፍኩት። የሞተር ማስነሻው ቁልፍ ሽቦ አጠረኝና እዚያው አንገቱ ላይ በካውያ ቀጥዬ በናስትሮ ጠቀለልኩት። ማን ያየዋል?

በሳምንቱ ተመለሰ።

«ወንድሜ፣ ቀጥ ብዬ ስሄድ ሰላም ነው። ወደ ግራ ሳዞር ግን ሞተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል።»

ፊውዞቹ ደህና ናቸው። (ደህና ባይሆኑ ነበር የሚገርመው። ፊውዝ የሚቃጠለው ከልክ ያለፈ ከረንት ሲያልፍበት ነው፤ የተበጠሰ ሽቦ ምኑን ያሳልፋል?) ባትሪው 12.6 ቮልት። የቁልፉን መስመር በመልቲሜትር ስለካው ጢው ይላል፤ አልተቋረጠም ማለት ነው። በቃ ነዳጅ ነው ብዬ ካርቡሬተር ስፈታ ግማሽ ቀን ጠፋ።

አለቃዬ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ መጣና መሪውን ግራ ጥግ ድረስ አዞረው።

«እስቲ አሁን ለካው።»

ጢውታው ጠፋ።

ናስትሮውን ገፈፍኩት። የሽቦው ፕላስቲክ ምንም አልሆነም፤ ሳብ ሳደርገው ግን እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። በካውያው የቀለጠው ሊድ በቀጫጭኖቹ ክሮች መሀል ሰርጎ እንደ ሚስማር አድርቋቸዋል። ድርቁ አልቆ ለስላሳው የሚጀምርበት ቦታ ላይ መሪው በዞረ፣ ሞተሩም በተንቀጠቀጠ ቁጥር አንድ አንድ ክር ሲሰበር ከርሟል። መሪው ቀጥ ሲል ጫፎቹ ይነካካሉ። ለመልቲሜትሩ ጩኸት ደግሞ አንዲት ክር ትበቃዋለች።

«ርዝመቱን የለካኸው መሪው ቀጥ ብሎ ነው አይደል?» አለኝ።

ምን እላለሁ?

በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ሲባጎ ዘረጋሁ። መሪውን ግራ ጥግ፣ ከዚያ ቀኝ ጥግ አዙሬ በረዥሙ ለካሁ። የቁልፉን መስመር ያለ ቅጥያ፣ አንድ ወጥ ሽቦ አደረግኩት፤ ጫፎቹን በተርሚናል ጨመቅኳቸው። አንገቱ ጋ ሽቦው ላላ ብሏል። አላማረኝም፤ ግን ተውኩት።

ደንበኛው ሊረከብ ሲመጣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ሳይቀመጥበት መሪውን ግራና ቀኝ ሦስት ጊዜ አዞረው። ቀና ብሎ አየኝ። አራተኛ ጊዜ አዞረው።