ሰባተኛ ወር፦ የተበላው እና ያልተመታው ሳንቲም

ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ሰባት ወር ሞላኝ። የጃንሆይ ባለ 10 ሳንቲሞቼ ሠላሳ አራት ደርሰዋል፣ ሁሉም 1936 የሚሉ። ባለቤቴ «አንድ ዓይነት ሳንቲም ሠላሳ አራት ጊዜ ምን ያደርግልሃል?» ትለኛለች። መልሱ እዚያው ቁጥሩ ላይ ነው። እነዚህ ሳንቲሞች ላያቸው ላይ 1936 ይበሉ እንጂ ለ30 ዓመት ገደማ ዓመቱ ሳይቀየር ሲታተሙ ነው የኖሩት፣ አንዴ ፊላደልፊያ፣ አንዴ እንግሊዝ አገር። ቅርጹ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ማተሚያው ያረፈበት ምት ግን ለየቅል። በዚያ ላይ ርካሽ ናቸው።

እስካሁን የአንበሳው ጎፈር ደብዝዞ ካየሁ «የተበላ» ብዬ ወደ አንድ ጣሳ እወረውር ነበር። ስህተቴን ያየሁት መብራት በጠፋበት ማታ ነው (ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ ታውቁታላችሁ)። ሻማውን ጠረጴዛው ላይ ዝቅ አድርጌ አንዱን ሳንቲም ሳጋድመው ብርሃኑ ከጎን መጣ፣ እና ለስላሳ ነው ያልኩት ጎፈር ጥቃቅን ጉድጓድ ሞልቶበታል። የተበላ ነገር እንዲህ አይሆንም። የተበላ እንደ አሮጌ ደረጃ ይለሰልሳል፣ ዙሪያው ያሉት ፊደላትም አብረው ይዶለዱማሉ። የዚህኛው ፊደላት ግን ጥርት ያሉ ናቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሳንቲም ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ቦታ ማተሚያው ብረት ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ምቱ ደከም ካለ የሳንቲሙ ብረት እስከ ጉድጓዱ ጫፍ አይደርስም፣ ከመታተሙ በፊት የነበረው ሻካራ ገጽ እዚያው ይቀራል። ደግሞ ብረቱ በሁለት ወገን ነው የሚሞላው፤ በአንድ በኩል ጎፈሩ ጎደሎ ከሆነ ገልብጣችሁ ከጀርባው የንጉሡን ጸጉር እዩ፣ ብዙ ጊዜ እዚያም ጎደሎ ነው። ጣሳዬን ዘርግፌ እንደገና ለየሁ። «የተበሉ» ካልኳቸው ዘጠኝ ውስጥ አራቱ ኪስ ብዙም ያላያቸው ናቸው። አፈርኩ።

ሦስቱ ላይ ግን ምንም መፍረድ አልችልም፣ በመጀመሪያው ወር በሎሚና አመድ ስላሸኋቸው። ያበራሉ፣ ግን ማጉያ ስር ጭረት ብቻ ናቸው። እባካችሁ አትሹ።

ባለ 25ቱን በተመለከተ፦ ዳሩ እንደ አበባ የሆነው በሞረድ የተበላሸ መስሎኝ ልጥለው ነበር። ለካ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጥቶ፣ በመጠኑ ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ ነው ዳሩን እንዲህ የቆረጡት።

ቀጥሎ ማርትሬዛ ነው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮው ብር። እሷም 1780 ላይ ቆማ የቀረች ናት፣ ከዚያ በኋላ ስንት ከተማ ታትማለች። ጎረቤታችን እማማ አንድ አንገታቸው ላይ አለቻቸው። አባታቸው ብር ሲቀበሉ ሴትዮዋ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ በአውራ ጣታቸው ይቆጥሩ ነበር አሉኝ፣ ዘጠኝ ካልሞላ አይቀበሉም። እኔም ቆጠርኩ። ሰባት። ሁለቱ ተበልተው ይሁን መጀመሪያውኑ ሳይመቱ ቀርተው፣ «ካንገቴ አላወልቅም» ስላሉኝ ገና አልለየሁም። እሑድ ቡና ጠርተውኛል፣ ማጉያዬን ኪሴ ከትቼ እሄዳለሁ።