ከማይኩ በፊት ክፍሉን

የምኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ በሚያወጣው መንገድ አካባቢ፣ ሦስት በአራት በሆነች የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክራር እጫወታለሁ፣ አዜማለሁም። እዚህችው ክፍል ውስጥ ራሴን መቅዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በመጀመሪያው ዓመት የማያስፈልገኝን ገዛሁ። የሚያስፈልገኝን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የቤት ስቱዲዮ ለመጀመር የሚጠይቁኝ ልጆች ስለበዙ የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ኮንደንሰር ማይክ ነው። በየስቱዲዮው ፎቶ ላይ የማየው እሱን ስለነበር ሌላ አላሰብኩም። ሻጩም «ለድምፅ ከዚህ የተሻለ የለም» አለኝ። ውሸት አልነገረኝም። ኮንደንሰር ስሱ ነው፤ የትንፋሽን ጫፍ ሳይቀር ይይዛል። ግን የሚይዘው የእኔን ትንፋሽ ብቻ አይደለም። የታክሲ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ገባ። የአከራዬ የቡና ሙቀጫ ገባ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ክራሩን ዋጠው። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው የራሴው ድምፅ ነበር። ባዶ ጋን ውስጥ የማዜም ይመስል ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ በካሴት ዘመን ስቱዲዮ ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ። ቅጂውን ይዤ ሄድኩና አሰማኋቸው።

«ጋሼ፣ ማይኩ ይሆን እንዴ?»

«ማይኩማ የሰማውን ነገረህ። የሚጮኸው ክፍልህ ነው። በል ቤት ግባና መሃል ላይ ቆመህ አጨብጭብ።»

ገብቼ አጨበጨብኩ። እውነትም ከጭብጨባው በኋላ ጭንን የሚል ነገር ቀረ። ማታውኑ ገመድ ወጠርኩና ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ከነጋቢው ሰቀልኩ። ፍራሹን ግድግዳው ላይ አቆምኩት። የቁም ሳጥኑን በር ከፈትኩት፤ ልብስ ድምፅ ይመጥጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ብርድ ልብሱ የሚሰቀለው ከማይኩ ጀርባ ብቻ ሳይሆን ከዘፋኙም ጀርባ ነው። የድምፅ ማይክ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ነው። ከፊቱ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ከእኔ ኋላ ደግሞ ግድግዳው አለ። በሁለተኛው ቀን ያለ አንድ ብር ወጪ ድምፄ ቀረበ። ብርድ ልብስ የሚያስቀረው የክፍሉን ጩኸት እንጂ የመንገዱን አይደለም፤ ስፖንጅም ቢለጠፍ ያው ነው።

ለመንገዱ መፍትሔ የሆነኝ ማይክ መቀየር ነው። ኮንደንሰሩን ሸጬ ያገለገለ ሹር ኤስኤም 58 ገዛሁ። ዳይናሚክ ማይክ ነው፣ እንደ ኮንደንሰር ስሱ ያልሆነ፤ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመድረክ ላይ የኖረ። አፌን አራት ጣት ያህል አስጠግቼ ስዘፍን እኔን አጉልቶ ይይዛል፣ የሩቁን ይተዋል። አስመስለው የሚሠሩት በዝተዋልና ስትገዙ ተጠንቀቁ። ትክክለኛው 298 ግራም ይመዝናል። እኔ ሻጩን አስፈቅጄ አጠገቡ ካለ ሱቅ የስኳር ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት መቶ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ልቤ አረፈ። ሚዛኑ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ግን ቀሎ ከተገኘ ትታችሁ ሂዱ።

ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ዕቃ፣ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ላይም ተሳስቻለሁ። ርካሽ ነው ብዬ አንድ የማይክ መግቢያ ያለውን ወሰድኩ። ክራርና ድምፅ አብረው ነው የሚተነፍሱት፤ ለየብቻ ስቀዳቸው ዜማው ደረቀ። ባለሁለት መግቢያ ለመግዛት እንደገና ስድስት ወር ቆጠብኩ። ብቻችሁን የምትዘፍኑ ከሆነ ግን አንዱ ይበቃል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ላፕቶፔ ላይ የተጫነልኝ የመቅጃ ፕሮግራም ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ነበር። ለሳምንታት ደህና ሠራ። አንድ ቀን ፕሮጀክቶቼ አልከፈት አሉ። አብሮት የመጣው ቫይረስ ፋይሎቹን በልቷቸዋል። አራት ዘፈን አጣሁ። አንዱን በእናቴ ፊት ነበር የቀዳሁት፤ እሱ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ሪፐር ወደሚባል የመቅጃ ሶፍትዌር ዞርኩ። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ይወርዳል፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይሸከመዋል። 60 ቀን በነፃ ምንም ሳይጎድልበት ይሞከራል። የግል ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። እዚህ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ከባድ ስለሆነ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ፣ እኔ ለእናቷ በብር ሰጠሁ። ለእኔ ዓይነቱ ቀጂ በቂ ነው። ሪፐር የመሣሪያ ድምፆች ይዞ ስለማይመጣ ግን ከበሮና ቤዝ በኮምፒውተር ለሚሠራ ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ይቀለዋል። የኤፍኤል የሙከራ ቅጂ ያስቀመጣችሁትን ፕሮጀክት መልሶ እንደማይከፍት ግን አስቀድማችሁ እወቁ።

ከመጀመሪያው የሪፐር ቀን የማስታውሰው መዘግየቱን ነው። ስዘፍን ድምፄ በማዳመጫው ዘግይቶ ይመጣል። በፈሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ አጠራቅሞ የሚያስተናግደው የድምፅ ናሙና ብዛት፣ 1024 ላይ ነበር። በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና) ይህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ነው፤ ደርሶ መልስ ከ40 ያልፋል። ስቀዳ ወደ 128 አወርደዋለሁ፣ ሚክስ ሳደርግ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ሳቀናጅ፣ መልሼ ከፍ አደርገዋለሁ። ኢንተርፌሳችሁ ዳይሬክት ሞኒተር ካለው ደግሞ ኮምፒውተሩን ሳትጠብቁ ራሳችሁን መስማት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለቅኝታችን። የድምፅ ማስተካከያ ፕለጊን (የሳተን ድምፅ ወደ ቅኝቱ የሚመልስ ተጨማሪ ፕሮግራም) ትዝታ ላይ ስታስገቡ «ሜጀር» ብላችሁ አትተዉት። የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ፕለጊኑ ግን ፋንና ሲንም ይፈቅዳል፤ ቅላጼው ከሚ ወደ ሶል ሲንሸራተት መሃል ላይ ፋ ላይ ይሰካዋል። የአብዛኞቹን ፕለጊኖች ድምፆች አንድ በአንድ ማጥፋት ይቻላል። አምስቱን ብቻ ተዉ፣ ፍጥነቱንም ቀንሱ። ቅላጼ ከጠፋ ምኑን ትዝታ ሆነ?

ስፒከር እስካሁን አልገዛሁም። በዚህች ክፍል ቤዙ ይዋሸኛል። ጆሮን የሚደፍን ዝግ ማዳመጫ ላይ ሚክስ አደርግና ስልክ ላይ፣ ከዚያም የጓደኛዬ ታክሲ ውስጥ እሰማዋለሁ።

የመብራት ነገር ግን ሰፊ ነው። ቻርጀሩ ሲሰካ ቅጂው ውስጥ እምም የሚል ድምፅ ይገባ ነበር። አሁን ላፕቶፑን በባትሪ አድርጌ ነው የምቀዳው፤ ኢንተርፌሱም ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚወስድ ሌላ አይፈልግም። ባለፈው ወር አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ቆመ፣ የፍሪጁ ጉርምርምታ ቆመ፣ የታችኛው ቤት ሙዚቃ ቆመ። ባትሪው ላይ 1 ሰዓት ተኩል ያህል ቀርቶኝ ነበር። ሻማ አበራሁ፣ ብርድ ልብሶቹን ሰቀልኩ፣ ክራሬን ቃኘሁ። ያቺን የጠፋች የእናቴን ዘፈን እንደገና ቀዳኋት።