ከኬሞ በኋላ የጀመርኩት ልምምድ እስካሁን የት ደረሰ

ሊምፎማ የሚባለውን የሊምፍ እጢዎች ካንሰር ነበር የታመምኩት። ኬሞው አለቀ፣ የመጨረሻው ስካን ጥሩ ሆነ፣ ሐኪሜም "ከእንግዲህ ክትትል ብቻ ነው" አለችኝ። ሰው ሁሉ እንኳን ለዚህ አበቃህ ይለኛል። እኔ ግን የሸሚዜን ቁልፍ ቆልፌ ስጨርስ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የማርፍ ሰው ሆኛለሁ። በሽታው ሲወጣ ሦስት ነገር ጥሎብኝ ሄዷል፦ የማይለቅ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና ፍርሃት። ከእነሱ ጋር እንዴት እየታገልኩ እንደሆነ፣ ምኑ እንደሠራልኝ፣ ምኑ ደግሞ እንዳልሆነልኝ በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ ላካፍል።

አንድ መመሪያ አለኝ። አዲስ ነገር ከመጀመሬ በፊት "ይሄ ለየትኛው ችግሬ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ "ለእንቅልፍ" ከሆነ እሰማለሁ፤ እንቅልፌ መሻሻል አለመሻሻሉን ማየት እችላለሁና። "ሰውነትን ያጸዳል" ወይም "የውስጥ ኃይልን ያስተካክላል" ከተባልኩ ግን አልፈዋለሁ። ምኑን አይቼ ሠራ ልበል? "ካንሰርን ያጠፋል" ከተባለማ ጭራሽ አልቀርብም። በ2018 የታተመ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። ገና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ያልተዛመተ የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባና የአንጀት ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ነው ያየው። መደበኛውን ሕክምና ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡት ሰዎች የመሞት ዕድል መደበኛውን ከወሰዱት 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከሕክምናው ጎን የሚሄድ ነው፤ አይተካውም። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ለመከታተያ ደብተር ይዣለሁ። ማታ ማታ ሦስት ቁጥር እጽፋለሁ፦ ድካም፣ እንቅልፍ፣ ጭንቀት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10። ሌላ ሐተታ የለም። ኬሞ ማስታወስን ያደበዝዛል፤ ያለፈው ሳምንት እንዴት ነበር ብትሉኝ ዛሬ ባለኝ ስሜት ነው የምመልስላችሁ። ቁጥሩ ግን አያዳላም።

ከድካሙ ልጀምር፤ ብዙ የለፋሁት እሱ ላይ ነው። የዚህ ድካም ክፋቱ በእረፍት አለመልቀቁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝታችሁ ስትነሱም እዚያው ይጠብቃችኋል። መጀመሪያ የተደረገልኝ የደም ምርመራ ነበር። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጭምር ድካም ያመጣሉ። እነሱ ካሉ በትንፋሽ ልምምድ አይለቁም፤ መታከም አለባቸው። ሌላም ነገር ጠየቅኩ። ከወሰድኳቸው መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ነው፤ ልብን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ልቤ በአልትራሳውንድ ታይቶ "እንቅስቃሴ ማድረግ ትችላለህ" እስክባል ጠበቅኩ። እናንተም ሳትጠይቁ አትጀምሩ። በተለይ ካንሰሩ አጥንት ላይ የደረሰባችሁ፣ ወገብን ማጠፍና መጠምዘዝ ብቻውን ስብራት ሊያመጣ ይችላል።

ከዚያ እርምጃ ጀመርኩ። ለደከመው ሰው ተራመድ ማለት ይገርማል አይደል? ግን ለዚህ ዓይነቱ ድካም ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው ነገሮች ፊት ያለው የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ በ2019 ያሳተመው ምክር በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይላል። ጡንቻን የሚያጠነክር ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን። መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። 30 ደቂቃ! እኔ የጀመርኩት ከአምስት ደቂቃ ነው፤ እሱንም ኮሪደር ውስጥ ወዲያና ወዲህ።

መጠኑን የምለካው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የወሬ ፈተና ነው፤ እየተራመድኩ ማውራት ከቻልኩ፣ መዝፈን ግን ካቃተኝ ልክ ነው። ሁለተኛው ጉናር ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ምሁር ያወጣው፣ እንቅስቃሴው ምን ያህል እንደከበደን የምንገምትበት መለኪያ ነው። ከ6 ጀምሮ 20 ላይ ያልቃል። ለምን ከ6 ጀመረ ብዬ ነበር። ለካ በ10 ሲባዛ የጤነኛ ጎልማሳ የልብ ምት ግምት እንዲሆን ነው፤ 6 ማለት 60፣ 20 ማለት 200። እኔ 12 አካባቢ ሲሰማኝ በዚያው እቀጥላለሁ፤ 14 ከመሰለኝ ቀዝቀዝ አደርገዋለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ደህና የሆንኩበት ቀን ነው። አንዳንድ ቀን ሰውነቴ ቀለል ብሎት ይነሳል። ያን ቀን የተከመረ ሥራ ሁሉ ትዝ ይለኛል፤ ቤት ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ያልጠየቅኩትን ሰው መጠየቅ። ያን ሁሉ በአንድ ቀን የሠራ ሰው የሚቀጥሉትን ቀናት አልጋ ላይ ያሳልፋል። ፊዚዮቴራፒስቷ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዬ) ያሳየችኝ ዘዴ ቀላል ነው። በመጥፎ ቀን እንኳን የማያቅተኝን መጠን ፈለግን። በጥሩ ቀንም ከዚያ እንዳላልፍ ተስማማን። ለሳምንት ያህል ሳይከብደኝ ከሄደ ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል። ኧረ ያናድዳል! እግር መሄድ እየፈለገ በቃ ሲባል ደስ አይልም። ግን ደብተሩ ላይ የድካሙ ቁጥር መዝለሉን ያቆመው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ቀን 3፣ በማግስቱ 9 የነበረው 5 እና 6 ላይ ረጋ። መርጋቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ነገ እንዴት እንደምሆን ስለማውቅ ቀጠሮ መያዝ ቻልኩ። አሁን 20 ደቂቃ ያህል እራመዳለሁ። ድካሙ አልጠፋም፤ አልፎ አልፎ ግን 4 እጽፋለሁ።

ወደ እንቅልፍ ስመጣ፣ ከኬሞው ጋር ፕሬድኒሶን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰዳችሁ ታውቁታላችሁ። ሌሊቱን ዓይን አይከደንም። መድኃኒቱ ቆሞም እንቅልፍ የማጣት ልማዱ አልቆመም። እዚህ ላይ ብዙ የረዳኝ ነገር ምንም ውበት የሌለው ነው። አልጋ ለእንቅልፍ ብቻ ይሁን፤ ስልክም ሆነ ንባብ እዚያ አይገባም። 20 ደቂቃ ያህል ተኝቶ እንቅልፍ ካልመጣ መነሳት፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ሌላ ቦታ መቀመጥ፣ ሲያንቀላፋ መመለስ። ጠዋት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ ሌሊቱ የቱንም ያህል የከፋ ቢሆን። ይህ ለእንቅልፍ ማጣት የሚሰጥ የንግግር ሕክምና አንዱ ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ ብዙ ሰው የሚተወው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ከጎኑ ያስገባሁት ጡንቻን በየተራ የማፍታታት ልምምድ ነው። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ያዳበረው ነው። ከእግር ጣት ተጀምሮ አንዱን የጡንቻ ክፍል ለጥቂት ሰከንድ ማጥበቅ፣ ከዚያ በአንዴ መልቀቅ፣ ልዩነቱን ልብ ማለት፣ ወደሚቀጥለው መሄድ። መንጋጋዬ ቀኑን ሙሉ ተነክሶ እንደሚውል ያወቅኩት በዚህ ነው። የሚያምህን ወይም የተሰፋህን ቦታ አታጥብቅ፤ እሱን ዝለለው።

ታይ ቺ የሚባለውን ቀስ ያለ የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ የጀመርኩት ደግሞ ለእግሬ ብዬ ነበር። ቪንክሪስቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት የእግር ጣቶቼን አደንዝዞብኛል፤ ጨለማ ውስጥ መሬቱ የት እንዳለ አይሰማኝም። ፊዚዮቴራፒስቷ ሚዛን የሚያስጠብቅ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ስትለኝ ይሄንን መረጥኩ። ከኋላዬ ወንበር፣ ከጎኔ ግድግዳ፣ ጫማዬ ስስና የማያንሸራትት። ክብደትን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ቀስ አድርጎ ማዛወር፣ በቃ አብዛኛው እሱ ነው። ጣቶቼ እንደደነዘዙ ናቸው፤ ሚዛኔ ግን ተሻሽሏል። እንቅልፌም አብሮ ሲሻሻል ገርሞኝ ሳነብ፣ በ2017 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ጥናት አገኘሁ። ከጡት ካንሰር የዳኑ፣ እንቅልፍ ያጡ 90 ሴቶችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ታይ ቺ፣ ግማሹን ያንን የንግግር ሕክምና ሰጧቸው። ታይ ቺው ከንግግር ሕክምናው ያን ያህል አላነሰም። የእኔ በሽታ ሌላ ነው፤ ግን መቀጠያ ምክንያት ሆነኝ።

ፍርሃቱ ከሁለቱም ለየት ይላል። በመደበኛ ቀን የለም ማለት ይቻላል። ስካን ሲቃረብ ግን የጭንቀቱ ቁጥር 8፣ 9 ይደርሳል። እዚህ ላይ የያዝኩት ትንፋሽ ነው፤ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ገደማ ይሆናል። አየር ስናስገባ ልብ በትንሹ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል፤ ይህ ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል የሚሆን ነው። ማስወጫው ሲረዝም የሚዘገይበት ጊዜም ይረዝማል። አንድ ምክር አለኝ፦ ልምምዱን ለስካን ቀን አታስቀምጡት። እኔ ደህና በሆንኩበት ሰዓት በየቀኑ አደርገዋለሁ፤ ማሽኑ ውስጥ ስገባ ሰውነቴ ያውቀዋል። ውጤቱን አይለውጠውም፤ እጄ መንቀጥቀጡን ግን ያቆማል።

ማይንድፉልነስንም (ትኩረትን አሁን ባለው ነገር ላይ የማሳረፍ ልምምድ) ሞክሬያለሁ። ጆን ካባት-ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ያቋቋመውን የ8 ሳምንት ሥልጠና መንገድ የተከተለ ነበር። የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር አጋዥ ሕክምናዎችን ከሚያጠና ማኅበር ጋር በ2023 ባወጣው መመሪያ ለካንሰር ታማሚዎች ጭንቀትና ድባቴ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ይሄው ማይንድፉልነስ ነው። ነገር ግን ሥልጠናው ውስጥ ሰውነትን ከእግር እስከ ራስ በሐሳብ የመቃኘት ልምምድ አለ። ሊምፎማ ያለፈበት ሰው በሐሳቡ አንገቱ ጋ ሲደርስ ምን ያደርጋል? እጢ ይፈልጋል! እኔም አንገቴ፣ ብብቴና ብሽሽቴ ጋ ስደርስ ልምምዱ ወደ ፍተሻ ይቀየራል፤ ልቤም ይመታል። ለአሠልጣኙ ስነግረው አልሳቀብኝም፣ አልገረመውምም። ትኩረትን ወደ ድምፅ ወይም እግር መሬት ወደሚነካበት ቦታ ማዞር ይቻላል አለኝ። አሁን ዓይኔን ከፍቼ፣ የሚሰማኝን ድምፅ እየተከተልኩ ነው የማደርገው። ሜዲቴሽን ሁሉን ሰው ያረጋጋል የሚባለውን አትመኑ። አንዳንዱን ያስጨንቃል፤ ከባድ ነገር ያለፈበትን ደግሞ ትዝታውን ይቀሰቅስበታል። ሲብስባችሁ ማቆም ትችላላችሁ።

የቀሩትን በአጭሩ። በኬሞው ወቅት ለማቅለሽለሽ በእጅ ውስጠኛው በኩል፣ ከእጅ አንጓ መስመር ሦስት ጣት ያህል ወደ ክርን ገባ ብሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ያለውን ቦታ እጫን ነበር። ከማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ጋር ስለነበር የትኛው እንደረዳኝ መለየት አልችልም። አኩፓንክቸር አልሞከርኩም፤ የምትሞክሩ ካላችሁ መርፌ ነውና የነጭ ደም ሴላችሁና የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ሴሎች) ቁጥራችሁ ይታይ። ማሳጅ ደስ ይላል፤ እግር ላይ የደም መርጋት ከተጠረጠረ ግን አይነካም።

ዕፅዋትና እንክብል ላይ ቆፍጠን እላለሁ። "ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ይጎዳል?" የሚለው አባባል አይመቸኝም። ለድባቴ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ወርት የጉበት ኢንዛይሞችን ያነቃቃና አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች ቶሎ ከሰውነት እንዲወገዱ ያደርጋል፤ ኢማቲኒብ አንዱ ነው። ሰውየው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል፣ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ግን ያንሳል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመዋጤ በፊት እሽጉን ይዤ ለሐኪሜ ወይም ለፋርማሲስቱ አሳያለሁ።

አሁን ያለሁት ጡንቻ ማጠናከሩ ላይ ነው፤ እስካሁን ያልነካሁት እሱ ነበር። የላስቲክ ገመድ ተሰጥቶኛል፣ በጣም የላላው። ወንበር ላይ ተቀምጬ በእግሬ እየረገጥኩ እስበዋለሁ፣ ከወንበር እየተነሳሁ እቀመጣለሁ፣ ግድግዳ እገፋለሁ። በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ይታረፋል። ከእርምጃው ቀን ጋር ላገናኘው ወይስ ልለየው የሚለውን ገና እየሞከርኩ ነው፤ ላገናኘው ስል የድካሙ ቁጥር በማግስቱ ከፍ ይላል። ጣታችሁ የደነዘዘባችሁ ካላችሁ፣ ላስቲኩ ከእግራችሁ እንዳያመልጥ እንዴት እንደምትይዙት ንገሩኝ። እኔ እስካሁን ጫማ አድርጌ ሁለቴ እየጠመጠምኩት ነው።