በሁዳዴ ኮርዶባ ሄደን ምን አየን፣ ምን በላን

ስፔንን የሚያውቁ ወዳጆቻችን «በጾም? ታዲያ ምን ልትበሉ ነው?» አሉን። ስጋታቸው ይገባኛል። ኮርዶባ ውስጥ የአሳማ ጭን ከየቡና ቤቱ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀበላችሁ። ግን እኔና ባለቤቴ እረፍት ያገኘነው መጋቢት ላይ ነው፤ ጾሙን መተው ደግሞ አላሰብንም። ሄድን። ጥግብ ብለንም በላን።

ከምንኖርበት ከጀርመን እስከ ማድሪድ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ከአቶቻ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር። ባቡሩ ሁለት ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ትኬቱን ቀደም ብሎ የቆረጠ በርካሽ ያገኛል። ማደሪያ ደግሞ አሮጌው ከተማ ውስጥ ያዙ፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሁሉም በእግር ይደረሳል።

መስኪታን በጠዋት ነው ማየት። ድሮ ታላቁ መስጊድ የነበረው፣ ዛሬ ካቴድራል የሆነው ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል በነጻ ያስገቡ ነበር። ገንዘቡን ተዉት፤ ዋናው ነገር በዚያ ሰዓት አስጎብኚ የሚመራው ቡድን አለመኖሩ ነው። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል።

ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ785 በሙስሊሙ የኮርዶባ ገዥ በቀዳማዊ አብዱራህማን ዘመን ነው። ከ850 በላይ ዓምዶች አሉት። ብዙዎቹ ከሮማውያንና ከእነሱ በኋላ ስፔንን ከገዙት ከቪዚጎቶች ሕንፃዎች የተወሰዱ ናቸው። አጫጭር ስለነበሩ ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ ቅስት በቅስት ላይ ደረቡባቸው። ቀይ ጡብ፣ ነጭ ድንጋይ፣ ቀይ ጡብ፣ ነጭ ድንጋይ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ምሥራቁ ክፍል ስትሻገሩ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ቀዩ ጡብ አይደለም፤ ድንጋይ ላይ የተቀባ ቀለም ነው። ይህ በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥልጣኑን በእጁ የያዘው አልመንሱር ያስፋፋው ነው። ባለቤቴ መሐንዲስ ነው፣ እዚያ ቆሞ ቀረ።

በ1236 የካስቲል ንጉሥ ሣልሳዊ ፈርዲናንድ ከተማዋን ሲይዝ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ መሃሉን አፍርሰው ረጅም ካቴድራል ተከሉበት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ያ መሃል ላይ የቆመው ግን ልቤን አልነካውም። ጸሎት ያማረኝ ዝቅ ባሉት ቅስቶች ሥር ነው።

ወደ ምግቡ ልምጣ። የስፔን ምሳ ለጿሚ እንዲህ ይመቻል ብዬ አልጠበቅኩም። እነሱ ምሳ የሚበሉት ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ነው። ቀድማችሁ ብትሄዱ ወጥ ቤቱ ገና አልተከፈተም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው እንግዲህ ከአገሬው ጋር እኩል ገበታ ይቀርባል። በጠዋት የሚቀምስ ካለ ደግሞ በወይራ ዘይትና በተፈጨ ቲማቲም የራሰ የተጠበሰ ዳቦ በየቡና ቤቱ አለ።

የኮርዶባ ዋናው ምግብ ሳልሞሬኾ ነው። ቲማቲም፣ ያደረ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና ጨው አንድ ላይ ይፈጫል። እንደ ሽሮ ወፈር ይላል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። በራሱ ንጹሕ የጾም ምግብ ነው። የሚያስፈስከው ላዩ ላይ የሚነሰነሰው የተቀቀለ እንቁላልና ኻሞን የሚሉት የደረቀ የአሳማ ጭን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሥጋ አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ኻሞንን ከሥጋ የማይቆጥረው አስተናጋጅ ብዙ ነው። የማትበሉትን አንድ በአንድ ጥሩ፦ ሲን ኻሞን፣ ሲን ዌቮ፣ ሲን ኬሶ፤ ያለ ኻሞን፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ አይብ ማለት ነው። እኛ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ አንበላም ብለን በስፔንኛ ስልካችን ላይ ጽፈን እናሳይ ነበር። አንድ ሸምገል ያለ አስተናጋጅ መነጽሩን አውጥቶ እስከ መጨረሻው አነበበና «ኩዋሬስማ?» አለን። የእነሱም ዐቢይ ጾም ነበርና ወዲያው ገባው። ያላዘዝነውን ማሳሞራ ይዞልን መጣ። ከለውዝ ዓይነቱ ከአልሞንድ፣ ከዳቦ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዘይትና ከኮምጣጤ የሚሠራ ነጭ ሾርባ ነው። ቲማቲም ከአሜሪካ ከመምጣቱ በፊት የነበረው እንዲህ ያለው ነው። ላዩ ላይ እንቁላሉን ትቶ ዘቢብና ወይራ አድርጎበታል። ከሳልሞሬኾው ይበልጥ የወደድኩት እሱን ነው፤ ባለቤቴ አይስማማም።

የተጠበሰ ደበርጃንም አለ፣ ከላይ ጥቁር ማር ይፈስበታል። ማሩ የንብ አይደለም፣ ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ነው። ሊጡ ውስጥ እንቁላል ወይም ወተት መግባቱን ግን ጠይቁ፤ ቤት ከቤት ይለያያል።

ከምሳ በኋላ ብዙው ሱቅ ይዘጋል። እኛም ገብተን ተኛን። አመሻሽ ላይ የአይሁድ ሰፈር ሄድን። በ1315 የተሠራችው ትንሿ ምኩራብ እዚያ ናት። ከእሷ ብዙም ሳይርቅ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ራምባም የሚሉት የአይሁድ ሊቅ የማይሞኒደስ የነሐስ ሐውልት ተቀምጧል። የተወለደው ኮርዶባ ነው፣ የተቀበረው ጥብርያዶስ። አደባባዩም በዚያች ከተማ ስም ይጠራል። ጎብኚው ሁሉ ስለሚዳስሰው ጫማው አብረቅርቋል።

ጊዜ የምትመርጡ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴን እርሱት፤ ሙቀቱ አያስወጣም። ግንቦት ላይ ሰዎች የግቢያቸውን አበባ ለሕዝብ የሚከፍቱበት በዓል አለ፤ ዩኔስኮም በ2012 መዝግቦታል። ያኔ ማደሪያ ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። በፍስክ የምትሄዱ የበሬ ጭራ ወጥ እዘዙ፣ የከተማዋ ኩራት ነው። ፍላሜንኪን የሚባለውን ጥቅልል ጥብስ ግን አሳማ የማትበሉ እለፉት፤ ውስጡም ውጪውም አሳማ ነው።